የአንጀታችን ዘበኞች በምን ያፈጥራሉ?

ባለፈው ዓመት ዒድ አል ፈጥር ካለፈ በኋላ ነው። ለዚያራ ከቤት ቤት ስንል አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ዘንድ ደረስን። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ቢደራም የእሳቸው ፊት አልፈታ አለን። ምን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው ከኪሳቸው የላቦራቶሪ ውጤት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ወሩን ሙሉ አንድም ቀን ሳላጎድል ጾሜያለሁ። ቀን ውሃ እንኳን በአፌ አልዞረም። ታዲያ ስኳሬ እንዴት ይጨምራል? ክብደቴስ?» አሉን።

በጊዜው አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ጥያቄው ግን የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ገባን። በብዙዎቻችን ቤት የመግሪብ አዛን ሲሰማ ማፍጠሪያው ላይ የሚደረደረውን እናውቀዋለን። ተምሩ አለ፤ አጠገቡ ግን ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ በዘይት የወጣ ሳምቡሳ፣ በሽሮፕ የተነከረ ጣፋጭ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ የታገሰ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ የቀኑን ያህል ይወስዳል። እናም የዘመዳችንን ጥያቄ ይዘን መልስ ስንፈልግ ነገሩ ከሰሃኑ አልፎ፣ ከጨጓራም ወርዶ አንጀት ውስጥ አገኘነው። እዚያ ለዓይን የማይታዩ ሁለት ወገኖች፣ ባክቴሪያዎችና የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት፣ ተጎራብተው ይኖራሉ። ጉርብትናቸው ሰላም ሲሆን የስኳራችንና የክብደታችን ነገር ይቀናል፤ ሲደፈርስ እሱም ይደፈርሳል።

አጥሩና ዘበኞቹ

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሌት ያሳያል። የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ደግሞ 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ የሚገኙት ደንዳኔ በሚባለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ቢመዘኑ 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው።

እነዚህን ሁሉ ከደማችን የሚለያቸው የአንጀት ግድግዳ የውስጥ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ዝልግልግ ንፍጥ መሰል ንጣፍ ተነጥፎበታል። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ዘበኞቹ ይቆማሉ፤ በአንጀት አካባቢ ብዙ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ይገኛሉ። ሰውነት በየቀኑ ከሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) መካከልም በብዛት ቀዳሚ የሆነው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባለው ነው፤ በየቀኑ በግራም የሚቆጠር መጠን ወደ አንጀት ይፈስሳል። ሥራውም ባክቴሪያዎቹ ከግድግዳው እንዳይጠጉ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥሩ ዘበኛ ያየውን ሁሉ የሚደበድብ አይደለም። የሰፈሩን ሰው ከሌባ ይለያል፤ ጎረቤቱን ሰላም ብሎ ያሳልፋል፤ እንግዳውን ያስቆማል። የአንጀት ዘበኞችም እንዲሁ ናቸው። ለእያንዳንዷ ባክቴሪያ እሳት ቢያነድዱ ሰውነታችን ከብግነት አያርፍም ነበር። ይህን ትዕግሥት ማን ያስተምራቸዋል? መልሱ አስገራሚ ነው፤ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ ይገኛሉ።

ባክቴሪያዎቹ የሚከፍሉት ኪራይ

እኛ ከምንበላው ውስጥ የማንፈጨው ነገር አለ። የእህል ገለፈት፣ የጥራጥሬ ልጣጭ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክር፣ ባጠቃላይ አሰር ወይም ፋይበር የምንለው ሁሉ በትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጭ አልፎ ደንዳኔ ይደርሳል። እዚያ ላሉት ባክቴሪያዎች ግን ዋና ቀለባቸው ይኸው ነው። አሰሩን አብላልተው አጫጭር ፋቲ አሲዶች የሚባሉ ውህዶችን ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ቡቲሬት ነው። ለአንጀታችን ግድግዳ ሕዋሳት ዋናው ማገዶ ይህ ውህድ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ ያለ ኪራይ አይቀመጡም ማለት ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. ሦስት የተለያዩ የተመራማሪዎች ቡድኖች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት እነዚህ ውህዶች ሌላም ሥራ እንዳላቸው አሳዩ። ከበሽታ መከላከያ ሕዋሳት መካከል ብግነትን የሚያበርዱ፣ ሌሎቹን «ተው፣ ይብቃ» የሚሉ አረጋጊ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ውህዶች በአንጀት ውስጥ የአረጋጊዎቹን ቁጥርና አቅም ይጨምራሉ። ከዚህም ሌላ በአንጀት ግድግዳ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት ጂኤልፒ-1 የሚባለውን ሆርሞን እንዲለቁ ያነሳሳሉ። ይህ ሆርሞን ቆሽት በጊዜው ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያግዛል፤ የጥጋብ ስሜትም ይሰጣል።

እንግዲህ አንድ ጭልፋ የምስር ወጥ ስንበላ እኛ ብቻ አልበላንም። የግድግዳው ሕዋሳት ማገዶ አግኝተዋል፣ ዘበኞቹም ረጋ ብለዋል።

አጥሩ ሲሳሳ

በተቃራኒው አሰር የሌለው ምግብ ብቻ ለቀናት ቢቀጥል ምን ይሆናል? በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የሰው የአንጀት ባክቴሪያዎችን ተሸክመው ያደጉ አይጦችን መረመረ። አሰር ሲከለከሉ ባክቴሪያዎቹ ዝም ብለው አልተራቡም፤ ግድግዳው ላይ የተነጠፈውን ዝልግልግ ንጣፍ መብላት ጀመሩ። ንጣፉ ሳሳ፤ አይጦቹም ለአንጀት ተውሳክ ተጋለጡ።

አጥሩ ሲሳሳ ደግሞ የባክቴሪያ ቅርፊት ስብርባሪ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል። የቤልጂየሙ ተመራማሪ ፓትሪስ ካኒና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ቅባት የበዛበት ምግብ ለ4 ሳምንታት የተሰጣቸው አይጦች ደም ውስጥ ይህ ስብርባሪ ከ2 እስከ 3 እጥፍ መጨመሩን አሳዩ። ይኸው ነገር ለብቻው በትንሽ በትንሹ ለሌሎች አይጦች ሲሰጥም እነሱም ወፈሩ፤ የደም ስኳራቸውም ከፍ አለ።

ምክንያቱ ዘበኞቹ ናቸው። ስብርባሪው ሲያልፍባቸው «ጠላት ገባ» ብለው ይነሳሉ፤ ብግነት የሚያቀጣጥሉ መልእክቶችንም ይለቅቃሉ። ከመልእክቶቹ አንዱ ቲኤንኤፍ ይባላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ጎካን ሆታሚስሊጊልና ባልደረቦቹ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ይህ መልእክት በብዛት እንደሚገኝና ሕዋሳት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዙ እንደሚያደርግ ደረሱበት። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወፈረ ሰውነት ስብ ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት በብዛት እንደሚከማቹ ታወቀ።

ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ቁልፍ ነው ብለን ብናስብ፣ ብግነት ቁልፍ መግቢያውን እንደሚያዝግ ዝገት ነው። ቁልፉ አለ፤ በሩ ግን እንደ ልብ አይከፈትም። ቆሽት ተጨማሪ ቁልፍ እየሠራች ለዓመታት ትታገላለች፤ በመጨረሻም ትደክማለች። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚመጣው እንዲህ ቀስ እያለ ነው።

የስኳሩ ሙከራ

ለማፍጠሪያችን ቅርብ ሆኖ ያገኘነው ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢቫይሎ ኢቫኖቭና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። በአይጦች ትንሽ አንጀት ውስጥ ክር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቲኤች 17 የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት እንዲበዙ ያደርጋሉ። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ሕዋሳት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈውን ቅባት በመቆጣጠር አይጦቹን ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ዋዜማ እንደሚጠብቁ አገኙ።

ከዚያም ለአይጦቹ ቅባትና ስኳር የበዛበት ምግብ ሰጧቸው። በ4 ሳምንታት ውስጥ አይጦቹ ወፈሩ፤ ለኢንሱሊን መታዘዝም ቀነሰ። አንጀታቸው ሲታይ ስኳሩ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ አፋፍቷል፤ ያ ባክቴሪያ ክር መሳዮቹን ገፍቶ አስወጥቷል፤ እነሱ ሲሄዱ ዘበኞቹም ተመናመኑ። ቅባቱ እንዳለ ሆኖ ስኳሩ ብቻ ሲወጣ ግን ሌላ ውጤት መጣ። ባክቴሪያዎቹም ዘበኞቹም በቦታቸው ቆዩ፤ አይጦቹ የወሰዱት የኃይል መጠን ተመሳሳይ ቢሆንም ከውፍረቱ ተረፉ።

ጥናቱ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለው። ክር መሳዮቹ ባክቴሪያዎች ከመጀመሪያው ያልነበሯቸው አይጦች ስኳር ቢከለከሉም አልዳኑም። ይህም ማለት ስኳር መቀነስ የሚረዳው የሚጠብቀው ጎረቤት ሲኖር ነው። ጎረቤቱ ከጠፋ መልሶ ማምጣትም ያስፈልጋል።

አይጥ ሰው አይደለም። የእኛ አንጀት ነዋሪዎች ከአይጥ ይለያሉ፤ ከቤት ቤት፣ ከሰው ሰውም ይለያያሉ። ቢሆንም የዘመዳችን ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ አለ። «ስንት ሰዓት ጾምኩ?» ከሚለው ጋር «በምን አፈጠርኩ?» የሚለውንም መጠየቅ ይኖርብናል።

ጾሙ በራሱ ምን ይሠራል?

ሆድ ባዶ ሲሆን አንጀት ሥራ አይፈታም። ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ባለው ጊዜ እየተመላለሰ ከጨጓራ ተነስቶ ትንሹን አንጀት የሚጠርግ የጡንቻ ማዕበል አለ። ሆዳችን ሲጮህ የምንሰማው አንዳንዴ ይህንኑ ነው። ቁራሽ ቀመስ ባደረግን ቁጥር ጥረጋው ይቋረጣል። ስለዚህ የቀኑ ጾም ለአንጀት የጽዳት ጊዜ ነው፤ ኢንሱሊንም ዝቅ ብሎ ያርፋል።

በነዋሪዎቹ ላይ የሚያመጣው ለውጥም መጠናት ጀምሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. በቱርክ የታተመ አነስተኛ ጥናት ረመዳንን የጾሙ 9 ሰዎችን ተከታትሎ አከርማንሲያ የተባለችው ባክቴሪያ መጨመሯን አግኝቷል። ይህች ባክቴሪያ በዝልግልጉ ንጣፍ ላይ የምትኖር ናት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ተለይታ ታወቀች። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤልጂየም ከልክ በላይ ክብደት ባላቸው 32 ሰዎች ላይ ለ3 ወራት በተደረገ ሙከራ፣ በሙቀት የታከመችው አከርማንሲያ ለኢንሱሊን መታዘዝን አሻሽላለች። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የረመዳን ጥናትም ቡቲሬት ከሚሠሩት ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች በጾሙ ወቅት እንደሚበዙ አሳይቷል። ጾሙ ሲያበቃ ግን ሁኔታው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አቅጣጫ ያመላክታሉ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጡም። ለእኛ ግን የሚነግሩን ነገር ግልጽ ነው። ጾሙ ቤቱን ይጠርጋል፤ በተጠረገው ቤት ማን እንደሚገባ የሚወስነው ማፍጠሪያው ነው።

ማፍጠሪያችንን እንዴት እናሰናዳ?

መልካሙ ነገር፣ ለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ምግብ አያስፈልገንም። አብዛኛው በየጓዳችን አለ።

በውሃና በተምር መጀመር። 3 መካከለኛ ተምር ጣፋጭ ቢሆንም ከስኳሩ ጋር 2 ግራም ገደማ አሰር ይዞ ይመጣል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግን 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዞ አሰር የሚባል የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳርን በቀን ከ25 ግራም በታች ማድረግ ተጨማሪ የጤና ጥቅም እንዳለው ይገልጻል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ይህን ታልፋለች። ፍሬውን ጨምቀን ከመጠጣት ፍሬውን እንደ ነበረ መብላት ይሻላል፤ ስፕሪሱ የግድ ከሆነም ስኳሩ ይቅርበት።

ሾርባውን ማክበር። የገብስ፣ የአጃ ወይም የምስር ሾርባ ለባክቴሪያዎቹ ጥሩ ቀለብ ነው። በሾርባ ጀምሮ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ምግብ መመለስ ጥጋቡ በጊዜው እንዲሰማን ያደርጋል። ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለመክፈል ከልጅነታችን የሰማነው ምክርም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

እንጀራውና ወጡ። ጤፍ ከትንሽነቱ የተነሳ ገለፈቱ ሳይለይ የሚፈጭ እህል ነው፤ ስለዚህ አሰሩ አብሮት ይቆያል። ሊጡን ያኮመጠጡት ሕያዋን ምጣዱ ላይ ቢሞቱም አሰሩ ግን አይጠፋም። ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመንና ከሰላጣ ጋር ሲቀርብ ሙሉ ማዕድ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። ሳምቡሳው ካልቀረ በምስር ይሞላ፤ ቁጥሩም ይቀነስ።

እርጎ። ስኳር ያልተጨመረበት እርጎ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን ይዟል። ወተቱ አስቀድሞ የተፈላ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

ሱሁርን አለመዝለል። ፉል፣ የአጃ ገንፎ ወይም በሶ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ቀኑን ያሻግራል። አሰር ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ላይ ሊነፋ ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁርም ውሃ በደንብ መጠጣት ተገቢ ነው።

ተራዊህ በእግር። መስጊዱ ቅርብ ከሆነ መኪናውን መተው ነው። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ያለ ብዙ ኢንሱሊን እርዳታ ስኳር ከደም ይወስዳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ባክቴሪያ አብሮ ይገድላል። ጉንፋን በያዘን ቁጥር ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን መዋጥ በራሳችን አጥር ላይ መጥረቢያ እንደማንሳት ነው።

ለስኳር ሕመምተኞች

ይህ ሁሉ ምክር መድኃኒትን አይተካም። ኢንሱሊን የሚወጉ፣ የስኳር ኪኒን የሚውጡ፣ የኩላሊት ችግር ያለባቸው፣ ስኳር ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከረመዳን በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ይኖርበታልና። የስኳር ሕመምና የረመዳን ዓለም አቀፍ መመሪያ የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት እንደሚገባ ያዛል። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስም ይኸው መመሪያ ይገልጻል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ሲታይ «አዛኑ ሊል ነው፣ ትንሽ ልታገስ» ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ለታመመ ሰው ዲኑ ያስቀመጠው ፈቃድ አለ፤ በእሱ መጠቀም ነውር አይደለም።

በዚህ ረመዳን ወደ ዘመዳችን ቤት ለኢፍጣር ተጠርተን ነበር። ገና ከበሩ ላይ ጠረጴዛውን አየነው። ለስላሳው የለም፤ በጆግ ውሃ ተቀምጧል። ተምሩ በሰሃን፣ የገብስ ሾርባው በሳህን ቀርቧል። አንደኛው የልጅ ልጅ ከንፈሩን ጥሎ «ስፕሪሱስ?» ሲል ጠየቀ። እሳቸው ፓፓያ ቆርሰው አቀበሉትና «ዘንድሮ ለዘበኞቹም እናፈጥራለን» አሉት። ልጁ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ፓፓያውን ግን በላ።

የላቦራቶሪ ውጤታቸው ከዒድ በኋላ ይታወቃል። ሐኪማቸው መድኃኒታቸውን አስተካክሎላቸዋል፤ ከመግሪብ በኋላም ከልጆቹ ጋር በእግራቸው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። እኛም ያን ዕለት አብረናቸው ወጣን።

ረመዳን ሙባረክ።